በአጥሩ ሥር ያለው ራስ ክምር

ሰኞ
ዛሬም ልብስ ያለቀለቅኩበትን ውሃ አጠጣሁት። ዝናቡ ከቀረ ወዲህ መንደራችን ቡቲዬ ውስጥ አረንጓዴ የምለው ይህን ራስ ክምር የሚባል ቁጥቋጦዬን ብቻ ነው። ዓምና ከያቤሎ መንገድ ዳር ነቅዬ አምጥቼ በእኛና በጎረቤታችን በሐሊማ መካከል ባለው አጥር ሥር ተከልኩት። በየዓመቱ ከሥሩ ያቆጠቁጣል ብለውኝ ነበር። ባለቤቴ ጋልገሎ ንቦቹ ቀፎውን ጥለው ከሄዱ ጀምሮ ናይሮቢ ሄጄ ዘበኛ እሆናለሁ ይላል። አበባ ካገኙ ይመለሳሉ አልኩት።

ማክሰኞ
ራስ ክምሩ አበበ። ብርቱካንማ፣ ግንዱን ዙሪያውን የከበበ። አንድም ንብ የለም። ደጋግሜ ወጥቼ አየሁ። ሞኝ ነኝ።

ረቡዕ
መጡ! ከየት እንደመጡ እንጃ። አጥሩ ሙሉ ቀን በንብ ሲጮህ ዋለ። ደስ ብሎኝ ምሳ አሳረርኩ።

ሐሙስ
ሐሊማ መጣች። ልጇን ነስራን ባለፈው ዓመት አንዲት ንብ ነድፋት ጉሮሮዋ ተዘግቶ ነበር። በቦዳቦዳ ሞተር ወደ ሐኪም ቤት ይዘናት ስንከንፍ እግሯን የያዝኩት እኔ ነኝ። እንዴት ረሳሁት? ሐሊማ አልተቆጣችም።
«ቁረጪው አልልሽም፣ እህቴ» አለችኝ። «ልጄ ግን ከትናንት ጀምሮ ከቤት አልወጣችም።»

ዓርብ
ሐሊማ ያለችውን ለጋልገሎ ልነግረው ነበር። እሱ ቀደመኝ። በኡራን መንገድ ግራሩ ላይ የሰቀለው ቀፎ አፍ ላይ ንቦች ሲገቡና ሲወጡ አይቷል። ስንት ወር ሆነው እንዲህ ካወራ። አልነገርኩትም።

ቅዳሜ
ነገርኩት። ነቅለን ዳበል መንደር እህቱ ዘንድ እንትከለው አልኩ። በዚህ ድርቅ ሥሩ ከተነካ ይሞታል አለ። ከዚያ ማጭዱን አነሳ። ቀነጠስነው ማለት አይቻልም፤ እስከ መሬት ቆረጥነው። ንቦቹ ባዶው ቦታ ላይ ሲዞሩ ቆዩ። እኔ ቤት ገባሁ።

እሑድ
ነስራ ደጅ ወጥታ ከፍየል ግልገል ጋር ስትሯሯጥ አየኋት። ደስ አለኝ። እውነቴን ነው። ግን ወደ አጥሩ ሥር አላየሁም።
ጋልገሎ ቀፎውን አይቶ ተመለሰ። ምን አየህ አላልኩትም፤ ንቦቹ እንደገና እንደሄዱ ፊቱ ነገረኝ። ነገ ወደ ናይሮቢ ከሚወርድ የጭነት ሎሪ ሾፌር ጋር ተነጋግሯል። ሸሚዞቹን አጣጠፍኩለት።
«ሥሩ አለ» አልኩት። «ዝናብ ሲጥል ያቆጠቁጣል።»
«መቼ?» አለኝ።
ልብስ ያለቀለቅኩበትን ውሃ ይዤ ወደ አጥሩ ሄድኩ።