«አባትና እናት የሉም» ብለው በቀይ ስለጻፉልኝ

ለተከበሩ መምህር ታከለ
የአማርኛ ትምህርት ክፍል ኃላፊ
ጎንደር

ክቡር መምህር፣ የሰሞኑ ብርድ ሳይነካዎ፣ የማረሚያ እስክሪብቶዎም ቀለም ሳይጎድልበት እንደሰነበቱ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ የአሥረኛ «ለ» ተማሪዋ ይመኙሽ አላምረው ነኝ። ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት ሦስት ጊዜ ቢሮዎ መጥቼ «ሥራ ላይ ነኝ» ስላሉኝ፣ ሥራዎን ዳግመኛ ላለማቋረጥ ብዬ ነው።

፩ኛ. «ቤተሰቤ» በሚል ርዕስ ድርሰት እንድንጽፍ ስላዘዙን አመሰግናለሁ። እኔም ስለ እህቴ ስለ የትነበርሽ ጻፍኩ። ወላጆቻችን በልጅነቴ ሲያልፉ ከዳባት አምጥታ፣ አራዳ ሰፈር ጸጉር ቤት ውስጥ እየሠራች ያሳደገችኝ እሷ ነበረች፤ በዚህ ክረምት ታማ ሞተች። ማራኪ ሰፈር በተከራየቻት ክፍል አሁን ብቻዬን ነኝ። «ጸጉሬን ራሴ እሠራለሁ፤ ከኋላ በኩል ግን እጄ አይደርስልኝም» ብዬ ድርሰቴን ጨረስኩ። እርስዎም «ከርዕስ ወጥቷል። አባትና እናት የሉም። መደምደሚያው ተስፋ አይሰጥም» ብለው ከአሥር ሦስት ሰጡኝ። አባትና እናት አለመኖራቸውን በትክክል አስተውለዋል፤ እኔም ቀደም ብዬ አስተውዬው ነበር።

፪ኛ. እንደገና ጻፊ ባሉኝ መሠረት፣ ከአንድ አሮጌ መርጃ መጽሐፍ ውስጥ አባት ጋዜጣ የሚያነብበትን፣ እናት እየሳቀች ምሳ የምታቀርብበትን ቤት ቃል በቃል ገለበጥኩ። አሥር ከአሥር ሰጡኝ፤ በሰንደቅ ዓላማው ሥነ ሥርዓት ላይም በድምፅ ማጉያ አስነበቡኝ። ተማሪው ሁሉ አጨበጨበ። አጠገቤ የምትቀመጠው ምስጢር «ታድለሽ! እንዲህ ያለ ቤት አለሽ እንዴ?» አለችኝ። ከጭብጨባው በኋላ እውነቱን ለመናገር አፌ እምቢ አለኝና «አዎ» አልኳት። «እንግዲያስ አንድ ቀን ውሰጂኝ» አለች። ከዚያ ወዲህ ምክንያት እየፈጠርኩ፣ የነበረችኝን አንዲት ጓደኛ ሸሽቼ፣ በሌላ መንገድ ብቻዬን ወደ ቤቴ እገባለሁ።

፫ኛ. ድርሰት ለምን እንደሚጻፍ ክፍል ውስጥ ስጠይቅዎ «ለፈተና ይመጣል» ብለው በአንድ ዓረፍተ ነገር ስለገላገሉኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

ባለፈው ሰኞ እውነቱን ልነግራት ወደ ምስጢር ሄጄ ነበር። «ምነው ጠፋሽ?» ስትለኝ እንባዬ ቀደመኝና ተመለስኩ። በአፌ ያቃተኝን በጽሑፍ ልሞክር ብዬ ተቀመጥኩ። ስለዚህ መምህር፣ ሥራ ቢበዛብዎና ይህን ባያነቡት አልቀየምም። ምስጢር በየቀኑ በዚህ ሰሌዳ አጠገብ ታልፋለች። ምስጢር እህቴ፣ እውነተኛው ቤቴ ይህ በ፩ኛ ላይ የጻፍኩት ነው፤ ሰው የለበትም፤ ከፈለግሽ ነይ።

ለቀይ ብዕርዎ ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት እጅ የምነሳ፣

ከአሥር ሦስትም አሥርም ያገኘችው
ይመኙሽ አላምረው

ማሳሰቢያ፦ የሚቀጥለው ድርሰት ርዕስ «ሐቀኝነት» መሆኑን ሰምቻለሁ። ጥሩ ውጤት ማግኘት ስለምፈልግ፣ ከየትኛው መጽሐፍ እንደምገለብጠው ቀደም ብለው ቢያስታውቁኝ።