የመምህርት ኑርሀያት ኡበይድ ሕልፈትና የሰማንያ ሦስቱ ስሞች ጉዳይ

ለማኅበሩ አባላት፣ ለሐይቅ ከተማ፣ ለአርዲቦ ዙሪያና ለአምባሰል ነዋሪዎች በሙሉ

የአርዲቦ ዙሪያ የመራጮች ትምህርት በጎ ፈቃደኞች ማኅበር መሥራችና ሰብሳቢ መምህርት ኑርሀያት ኡበይድ በአርባ ዘጠኝ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ማክሰኞ ጥር 3 ቀን 2014 ዓ.ም. ጠዋት በእግር ወደ አምባሰል አቅጣጫ እንደወጡ አልተመለሱም። ሐሙስ ጥር 5 ቀን አስከሬናቸው ከአንድ የእግር መንገድ ዳር ተገኝቶ በዚያው ዕለት ሥርዓተ ቀብራቸው ተፈጽሟል። ወድቀው ነው የሚል ወሬ እንደሚነገር ማኅበሩ ሰምቷል። የተገኙበት ቦታ ግን ሜዳ ነው፤ ሰው የሚወድቅበት ገደል የለውም።

ሐዘናችን ከባድ ነው። ከሐዘኑ ጋር ፍርሃትም አለብን፤ ይህንንም ለመደበቅ አንሞክርም።

መምህርት ኑርሀያት በ1965 ዓ.ም. በአርዲቦ ሐይቅ ዳር ከገበሬ ቤተሰብ ተወለዱ። ሃያ አራት ዓመት በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ሥነ ዜጋ አስተምረዋል። ብዙ ዘመን መጽሐፉ ስለ ምርጫ የሚለውን በክፍል ውስጥ ሲያስተምሩ ቆይተው ከክፍሉ ውጭ የሚሆነውን እያዩ አንገታቸውን ደፍተው ይገቡ እንደነበር ራሳቸው ይናገሩ ነበር።

በ2011 ዓ.ም. ለውጥ መጥቷል፣ መናገር ተፈቅዷል በተባለበት ወቅት ከስድስት ባልደረቦቻቸው ጋር ይህን ማኅበር መሠረቱ። የመጀመሪያ ሥራቸው የልምምድ ምርጫ ነበር። ማንበብ የማይችል ሰው እንዳይቸገር በወረቀቱ ላይ ጤፍ፣ ማሽላና ማሾ አሳሉ። ማሽላ ካሸነፈ ጤፍ መዝራት ይከለከላል ወይ ብለው የጠየቁ ነበሩ። ጥያቄው አላሳቃቸውም፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ትምህርታቸውን የሚከፍቱት ማሽላ ቢያሸንፍም የጤፍ ዘሪው ማሳ አይነካም በሚል ነበር።

በ2012 ዓ.ም. ምርጫው በወረርሽኙ ምክንያት ሲራዘም ትምህርቱን አላቋረጡም። የምርጫ ካርድ በባል ኪስ ውስጥ እንዳይቀመጥ፣ ሴቶች ካርዳቸውን ራሳቸው እንዲይዙ ቤት ለቤት እየዞሩ አስተምረዋል። ከአንዳንድ አባወራዎች ጋር መቃቃራቸው አልቀረም። ኋላ ከእነዚሁ አባወራዎች ሁለቱ የማኅበሩ አባል ሆነዋል።

በግንቦት 2013 ዓ.ም. ምርጫው ሲቃረብ የአካባቢው ባለ ጊዜዎች ገበሬዎችን እየሰበሰቡ አስማሉ። ሙስሊሙ በቁርኣን፣ ክርስቲያኑ በግሸን ማርያም ስም፣ የታዘዘውን እንዲመርጥ ማለ። ማን እንዳስማለ አገር ያውቀዋል፤ በዚህ መግለጫ ስም አንጠራም። የማለ ሰው ድምፅ መስጫው ክፍል ቢገባም መጋረጃው አይሸፍነውም፤ ሰው ባያየው መሐላው ያየዋል። አንዲት እናት ወደ መምህርት ኑርሀያት መጥተው “በቀኝ እጄ ምዬ በግራ እጄ ብመርጥ መሐላው ይይዘኛል ወይ?” ብለው ጠይቀዋል።

መምህርት ኑርሀያት ሼህ ኢስሃቅንና ቄስ ገብረ ኢየሱስን ይዘው በገበያ ቀን ሕዝቡን አወያዩ። ሁለቱም አባቶች ተገድዶ የማለ ሰው መሐላው እንደማይይዘው፣ የሚያስጠይቀው አስገዳጁን እንደሆነ ባንድ ቃል አስረዱ። በዚያ ቀንና በተከታዮቹ ቀናት ሰማንያ ሁለት ሰዎች ወደ ቢሯችን መጥተው ተገድደው እንደማሉ ተናገሩ። እፎይ ብለው ሲወጡ አይተናል።

ስህተታችን የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

ግንቦት 28 ቀን 2013 ዓ.ም. የማኅበሩ ሥራ አስፈጻሚ ለሚመለከተው አካል አቤቱታ ለማቅረብ ሲወስን ማስረጃ ያስፈልጋል በሚል የእነዚህን ሰዎች ስምና መንደር መዝግቦ አውራ ጣታቸውን ለማስፈረም ሐሳብ አቀረበ። ሰብሳቢዋ ተቃወሙ። በቃለ ጉባኤው ላይ የሰፈረው ንግግራቸው እንዲህ ይላል፦ “ኧረ በአላህ፣ የፈራን ሰው ስሙን አትጣፉበት። ወረቀት ዘመድ የለው። ዛሬ በኛ እጅ ነው፣ ነገ በማን እጅ እንደሚገባ ማን ያውቃል?” ድምፅ ተሰጠ። ስድስት ለአንድ ተሸነፉ። እሳቸውም “ብልጫ ድምፅ ነውና ይጣፍ። የኔ ስም ግን ከላይ ይሁን” ብለው፣ ያልማሉት መምህርት በመጀመሪያው ተራ ላይ አውራ ጣታቸውን አሳረፉ። ሰማንያ ሁለቱም ተጠርተው ከእሳቸው ሥር አሳረፉ፤ ዝርዝሩ ሰማንያ ሦስት ስም የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

አቤቱታው ተላከ። ዝርዝሩ ግን በሰብሳቢዋ ልመና ከአቤቱታው ጋር ሳይያያዝ በቢሮው ቁም ሳጥን ተቆለፈበት። ቅጂ አልነበረውም።

ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ሕዝቡ እስኪመሽ ተሰልፎ ድምፁን ሰጠ። መምህርት ኑርሀያት ማን ማንን እንደመረጠ አንድም ሰው ጠይቀው አያውቁም፤ ሊነግራቸው የሚዳዳውንም አፉን ያስይዙት ነበር።

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሐይቅ ደረሰ። በኅዳር መጨረሻ ወደ ቢሯችን ስንመለስ በሩ ተሰብሯል፤ የጤፍና የማሽላ ሥዕል ያለባቸው ወረቀቶች ወለሉ ላይ ተበትነዋል። ወንበሮቹ አልተነኩም። የጠፋው ሰማያዊው አቃፊ ብቻ ነው፤ ዝርዝሩ ያለው በእርሱ ውስጥ ነበር።

ከታኅሣሥ ወር መጀመሪያ አንሥቶ በየመንደሩ ሰዎች ይመጣሉ። ስም እየጠሩ አውራ ጣትህን ለምን አሳረፍክ፣ ለማን ብለህ ነው ይላሉ። የማን ወገን እንደሆኑ አናውቅም። አንዱ ጦር ወጥቶ ሌላው ሲገባም ጥያቄው አልቆመም። ከተጠየቁት ሁለቱ ከዚያ ቀን ወዲህ ቤታቸው አልታዩም።

መምህርት ኑርሀያት ይህን እንደሰሙ ስማቸው የሰፈረባቸውን ሰዎች በእግራቸው እየዞሩ ማስጠንቀቅ ጀመሩ። ሁሉንም በአካል ስለሚያውቁ ስማቸውን በቃላቸው ይዘው ነበር። ማን እንደተነገረው በወረቀት አልያዙም፤ እኛም አልጠየቅናቸውም፤ ከእንግዲህ ወረቀት የምንጠይቅበት ፊት አልነበረንም። ለባለቤታቸው ለአቶ ሙዘይን ሰኞ ማታ የነገሯቸው ቁጥሩን ብቻ ነው። ከእሳቸው በቀር ስልሳው አውቀዋል፤ ሃያ ሁለቱ ቀርተዋል። በማግስቱ የወጡት ለእነዚህ ሰዎች ነበር።

ሃያ ሁለቱ እነማን እንደሆኑ ማኅበሩ አያውቅም። ስድስታችን ተቀምጠን ለማስታወስ ሞክረን ሠላሳ ስም እንኳ አልሞላልንም። ይህን መግለጫ የሚጽፈው የማኅበሩ ጸሐፊም ያን ዕለት ስም ይመዝገብ ብለው እጃቸውን ካወጡት ስድስት ሰዎች አንዱ ነው፤ ዝርዝሩም የተጻፈው በእሱ እጅ ጽሑፍ ነው። በሕግ አልተጠየቅንም። በአላህና በእግዚአብሔር ፊት ግን ተጠያቂዎች ነን፤ ይቅር በሉን።

ስለዚህ ይህ መግለጫ ማስጠንቀቂያም ነው። በግንቦትና በሰኔ 2013 ዓ.ም. በማኅበራችን ቢሮ አውራ ጣታችሁን ያሳረፋችሁ ሁሉ፣ መምህርት ኑርሀያት በራችሁን ካላንኳኩ ከእኛ ስሙ፤ ስማችሁ በማናውቀው እጅ ይገኛል። በማታምኑት ሰው ፊት ስማችሁን አትናገሩ። ከቤት ርቃችሁ መሰንበት የምትችሉ ሰንብቱ። ማንበብ የሚችል ለማይችለው በቃል ያድርስ፤ የሰማ ላልሰማ ይንገር።

ለባለቤታቸው ለአቶ ሙዘይን፣ ለልጃቸው ለሂንድ፣ ለተማሪዎቻቸውና ለባልደረቦቻቸው አላህ ሶብሩን ይስጣችሁ፤ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ለመምህርት ኑርሀያትም አላህ ይዘንላቸው፣ ማረፊያቸውን ጀነት ያድርግላቸው።

ለቅሶው እስከ እሑድ በመኖሪያ ቤታቸው ይቆያል። የቅሬ፣ ማለትም የእድር፣ ዳኞች እንደ ደንቡ ለቅሶ የደረሰውንና የቀረውን ለመለየት ስም ትጠራላችሁ፤ በዚህ ለቅሶ ግን ስም እንዳትጠሩ፣ የቀረውንም እንዳትቀጡ እንለምናለን። ማኅበሩም የሐዘን መዝገብ አይከፍትም። ለቅሶ የምትደርሱ ሁሉ ስማችሁን ሳትጽፉ ግቡ፣ ሳትጽፉ ውጡ።

የአርዲቦ ዙሪያ የመራጮች ትምህርት በጎ ፈቃደኞች ማኅበር
ጥር 6 ቀን 2014 ዓ.ም.
ሐይቅ