ከጅቡቲ የሚመጣው ሳሙና

ውዴ ተሰማ፣

ከተለየኸኝ ዓመት አልፎ ሌላ ክረምት ገባ። የማለዳው ባቡር ሲጮህ አንተ የተነሳህ እየመሰለኝ፣ ዓይኔን ሳልገልጥ የመላጫ ብሩሽህ የሳሙናው ሳህን ላይ ይዞር እንደሆነ አዳምጥ ነበር። ዝምታ ብቻ ነበር። ሰሞኑን ግን እንደገና ሰማሁት፤ እንዴት እንደሆነ ልንገርህ።

ቤታችን ብዙም አልተለወጠም። የኒሙ ዛፍ ጥላ እስከ ጎረቤታችን እስከ ኸዲጃ በር ደርሷል። እሷም ለንግዷ ጅቡቲ ትመላለሳለች። የመላጫ ሳሙናህን መቀነቷ ውስጥ ሸሽጋ ከፈታሾች ዓይን ታሳልፍልህ የነበረውን እያነሳች ትስቅና መልሳ ታለቅሳለች።

በዚያ ሳሙና የተነሳ ስንቴ ተነታርከናል። በአንዱ ዋጋ ለልጁ ሸሚዝ ይገዛ ነበር እልሃለሁ። አንተ ፊትህ አረፋ እንደለበሰ ታስረዳኛለህ፤ የርካሹ አረፋ ቶሎ ተነስቶ ምላጩ ሳይደርስ ይከስማል፣ የጥሩው ግን ወፍራም ነው፣ እስክትጨርስ ይጠብቅሃል፣ ቆጥበው ከያዙትም ዓመት ያደርሳል። ከዚያ አፍንጫዬን አረፋ ትቀባኝና ንግግሬን ታስረሳኛለህ።

ስታርፍ ሳህኑ ላይ የቀረችውን ቁራጭ በነጠላ ጠቅልዬ ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩባት። ጠረንህ እንዳይሄድብኝ ነው። ሲከፋኝ ከፍቼ አሸታታለሁ። እየቆየች ግን ደርቃ ተሰነጣጠቀች፤ ጠረኗ ሣጥን ሣጥን እንጂ አንተን አንተን አይልም። ያን ቀን ሁለተኛ ሞትክብኝ።

ልጅህ ዳዊት ጢሙን ለሐዘንህ አሳድጎ ከረመ። ሙት ዓመትህ ከወጣ በኋላ ሽማግሌዎች ተላጭ ቢሉትም ሲያመነታ ቆየ። ባለፈው እሑድ ጓሮ ብወጣ በልብስ ሳሙና ሊላጭ ሲታገል ጉንጩን አድምቶታል። የአንተን ሳህን መጠየቅ ከብዶት ነው። እጄ እምቢ እያለኝ ሣጥኑን ከፈትኩና ብሩሽህን ለብ ባለ ውሃ ነክሬ ቁራጯ ላይ አዞርኩት።

ተሰማዬ፣ መጣህ። አረፋው ሲነሳ ያ የሎሚ ልጣጭ የመሰለው ጠረንህ ግቢውን ሞላው፤ ኸዲጃ እንኳ ከቤቷ ወጥታ በራችን ላይ ቆመች። ለካ ሳሙናዋን የጎደላት ውሃ ብቻ ነበር። ጢሙ ሲወርድ የዳዊት አገጭ ያንተው ሆኖ አገኘሁት። አረፋው ሳይታጠብ ሳምኩት።

አሁን ሳህኑ መስኮቱ ላይ ነው። ዳዊት ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዱ በፊት ይላጫል፤ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ብሩሹን እሰማለሁ። ቁራጯ እያለቀች ነው፣ ግን መልሼ አልቆልፍባትም። እኔ በሕይወት እስካለሁ ይህ ቤት ጠረንህን አያጣም። ስታልቅ ኸዲጃ ሌላ ታመጣልኛለች። ዋጋው ከድሮው ብሷል አሉ። አልነታረክም።

ያንተው አስቴር