ፎቶ ስላበላሸው ገመድ

ለተከበሩ የዋሻ መዝናኛ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ባሉበት

የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ጤናዎ እንደ ሪፖርቶችዎ እንከን የለሽ፣ እስትንፋስዎም የማይቆራረጥ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ዋሻችሁ ውስጥ ውኃ ውጦት የቀረው ጠላቂ ሠራተኛችሁ ታላቅ እህት ነኝ። ብዕር ያነሣሁትም መሥሪያ ቤትዎ የዋለልንን ውለታ በአደባባይ ላመሰግን ብዬ ነው።

1ኛ. ወንድሜ ከዋሻው መግቢያ እስከ መጨረሻው በውኃው ውስጥ የዘረጋውን ነጭ ገመድ የገጽታ ግንባታ ክፍልዎ ፎቶ ያበላሻል ብሎ ስላስነሣው እናመሰግናለን። እውነትም ብሮሹሩ ላይ ውኃው መስታወት መስሏል። ወለሉ ግን እንደ ዱቄት የላመ ደለል ነው፤ እግር ሳት ብሎ ከነካው ውኃው ሁሉ ይደፈርሳል፣ ባትሪ ቢያበሩ ብርሃኑ ተመልሶ ዓይን ያጥበረብራል፣ ላይና ታቹ አይለይም። ያን ጊዜ ጠላቂ የሚያምነው ዓይኑን ሳይሆን እጁን ነው፤ እጁም ገመዱን ካላገኘ መውጫው የት እንደሆነ የሚነግረው የለም። ወንድሜ ይህንኑ ቢሮዎ ድረስ መጥቶ ሲያስረዳ፣ ጎበዝ ጠላቂ መንገዱን በቃሉ ያውቃል ብለው በፈገግታ እንደሸኙት ነግሮናል። ለፈገግታውም እናመሰግናለን።

2ኛ. ጎርፍ ገብቶ ውኃው በደፈረሰበት ሰሞን፣ ለመዝናኛው ምረቃ ከተተከሉት ባለቀለም መብራቶች አንዱ ስለጠፋ ገብቶ እንዲያበራው ታዘዘ። ውኃው እስኪጠራ ቢለምን ምረቃ አይጠብቅም ተባለ። ገባ፤ አልወጣም። በማግሥቱ ያወጣችሁት መግለጫ «በራሱ የጥንቃቄ ጉድለት» ይላል። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ የሚሉት ይህ ነው፤ ማኅተም ሲያርፍበት ግን እንዴት ያምርበታል።

3ኛ. ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ዋሻው «ለደኅንነት ሲባል» ተዘጋ። ባልደረቦቹ የራሳቸውን ገመድ ይዘው፣ ገብተን እናውጣው ብለው ደጅ ሲጠኑ፣ ደለሉ ከተነሣ ውኃው ለምረቃው አይጠራም ብለው መለሷቸው። እናታችን ከዚያ ወዲህ ምድጃ አጠገብ አትቀመጥም፤ ልጄ ብርድ ላይ ተኝቶ እኔ እንዴት እሞቃለሁ ትላለች። ቀድሞም ብርድ አይወድም ነበር። ጽሕፈት ቤትዎ ለእርሷ የሚሆን መግለጫ ካለው ይላክልን።

ክቡርነትዎ፣ ትሕትናዬ እዚህ ላይ አለቀብኝ። ወንድሜን አውጡልኝ። የምጠይቀው ይህንኑ ብቻ ነው፤ ውኃው እንደሆነ ቢደፈርስም ተመልሶ ይጠራል።

ለውኃው ጥራት የሚያሳዩትን የማይታክት ትጋት እያደነቅሁ፣ ለክብርዎ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣
ሬሳ የምትለምን ታላቅ እህቱ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የምረቃው የጥሪ ካርድ ትናንት ደረሰን። ከሠራተኞች ዝርዝር ስሙን መሰረዝ ተረስቶ ይመስለኛል፣ የተላከው ለወንድሜ ነው። «በቦታው ቀድመው እንዲገኙልን በአክብሮት እንጠይቃለን» ይላል። አይስጉ፤ ከእንግዶችዎ ሁሉ ቀድሞ ገብቶ እየጠበቀዎት ነው።