ኪኒኑን ያስጣልኩህ እኔ ነኝ

ገመቹ ሆዴ፣

ጥለኸኝ ከሄድክ ዓመት ከአራት ወር ሞላህ። ደብዳቤ ሲጀመር ጤና ይጠየቃል፤ ያንተን ጤና የጨረስኩት ራሴ ስለሆንኩ አልጠይቅህም።

የቤቱን ልንገርህ። ስትገባ ጎንበስ የምትልለት የበረንዳው ቆርቆሮ ተቀይሯል። የሥራ ጃኬትህን ለወንድምህ ሰጠሁት፤ ሲሬ ገበያ ለብሶት ከኋላው ሳየው በስምህ ልጠራው ምንም አልቀረኝም። ወጌሻው ደግሞ ሥራ ፈቷል። ገመቹን አሽቶ ገደለው ተብሎ ስለተወራ፣ እጁ የወለቀ ሰው እንኳ ወደ እሱ አይሄድም። አልገደለህም። ለቅሶው ላይ ሴቶቹ ሲረግሙት ግን ቃል አልተነፈስኩም። እንዲያውም ተመቸኝ።

ያን ቀን ከኦጎልቾ እርሻ አምጥተው ሲያስተኙህ፣ መሐል ጀርባዬ ተቀደደ እያልክ ትጮህ ነበር። ስንዴ ስታጭድ ውለህ ከኮምባይነሩ ስትወርድ ነው የያዘው አሉኝ። ኮምባይነር የሚነዳ ሰው ጀርባውን ሲያመው አዲስ ነገር አይደለም፤ ወጌሻውን ያስጠራሁት እኔ ነኝ፣ በቅቤ ሲያሽህ እግርህን የያዝኩትም እኔ። ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ ከልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ሥር ከውስጥ ተሰንጥቋል አለኝ። ብዙ ጊዜ የሚያመጣው ሳይታከም የኖረ የደም ግፊት ነው፣ ቀዶ ጥገናውም አዲስ አበባ ካልሆነ አይሠራም አለ። የታዘዘለትን የግፊት ኪኒን ይወስድ ነበር ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ፣ በየቀኑ አልኩት። ዓይንህ እያየኝ። አምቡላንሱ ሳይነሳ ሞትክ።

ኪኒኑን ለምን እንደተውከው እኔና አንተ እናውቃለን። ኪኒኑን በጀመርክ በሁለተኛው ወር አልጋ ላይ አልሆንልህ አለ። ሌላ ሚስት ብትሆን ዝም ትል ነበር። እኔ ግን፣ ዕድሜ ለምላሴ፣ ከባሌ ጋር ነው የምተኛው ወይስ ከአባቴ ጋር አልኩህ። እየሳቅኩ ነው ያልኩህ። አንተም ሳቅክ። በማግስቱ ኪኒኑ ከመስኮቱ ላይ ጠፋ፤ እኔም የት ሄደ አላልኩም። ባሌ ተመለሰልኝ ብዬ ደስ አለኝ፣ አፈር ልብላ! አንተስ ብትሆን ምን ያለህ ሞኝ ነህ? ሐኪሙ ዘንድ ሄደህ እንዲህ አደረገኝ፣ ሌላ ቀይርልኝ ማለት አቅቶህ ነው? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማህም? አፈርክ። ከማፈር መሞት ይሻላል አልክ።

ይህን ሁሉ አሁን የማነሳው በልጃችን በቶሎሳ ምክንያት ነው። ሐኪሙ በዘር ሊሄድ ስለሚችል ልጁም ይለካ ብሎን ነበር፤ ሲለካ ግፊቱ ያንተው ሆኖ ተገኘ። በሠላሳ ዓመቱ፣ ገና ሙሽርነቱ ሳያልቅ ኪኒን ጀመረ። ባለፈው ሰኔ ሚስቱ ሰናይት ጓዳ ተከትላኝ ገብታ፣ እማዬ ልጅሽ ሽማግሌ ሆነብኝ፣ ኪኒኑን ቢተወው ምን ይለዋል አለችኝ። እሷም እየሳቀች ነው ያለችኝ። ዝም ብል የእኔን ጉድ ማንም አያውቅም ነበር፤ ልጄ ግን ይሞታል። ሁለቱንም ሳሎን አስቀምጬ ሁሉን ነገርኳቸው፤ አንተን ያልኩህን ሳይቀር፣ ለሐኪሙ የዋሸሁትን ሳይቀር። ቶሎሳ ስጨርስ አባቴን ገድለሽ ወጌሻውን አስረገምሽ አለኝና ተነስቶ ወጣ። እውነቱን ነው። የወጌሻውን ደጅ እስካሁን አልረገጥኩም፤ በምን ዓይኔ ልየው?

ከዚያ ወዲህ ልጅህ ቤታችን አልመጣም። ሐኪሙ ሌላ ኪኒን ቀይሮለት አንድ ቀን ሳያጓድል ይውጣል፤ ሰናይት እየደወለች ትነግረኛለች። አገናኚኝ ስላት ቶሎሳ የለም ትለኛለች፤ ድምፁ እየተሰማኝ። ይሁን፣ እሱ ይኑርልኝ እንጂ እኔን አይየኝ።

አንተን ግን አስታውስሃለሁ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ፤ ውሸት ነው። የወጋሁህ እኔ ነኝ፤ እስክሞት አልረሳህም።