በደጃችን የጣልኩት ቅርንጫፍ

ዛሌዋ፣ ጁን 9 ቀን 2019

ለምወድህ ልጄ ለሊምባኒ፣

የጆሀንስበርግ ብርድ እንዴት ይዞሃል? እኛ ደህና ነን፤ ይህም ደህና ከተባለ።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ገና ሰላምታውን ሳትጨርስ «አባባ ወደ ሥራው ተመለሰ ወይ?» ትላለህ። አልተመለሰም። ጓደኛው ዋይሰን መኪናው ገደል ገብታ ከሞተ ወዲህ የወሰደው ረጅም ፈቃድ በዚህ ወር መጨረሻ ያበቃል፤ ካልቀረበ ቦታውን ለሌላ ሹፌር ይሰጡበታል። እስካለፈው ሳምንት ድረስ እኔም እንዳንተው ነበርኩ። ይሂድልኝ፣ ዓይኔ አይየው እል ነበር። ሌላዋ ሴት ባሏ ቤት ሲውልላት ደስ ይላታል፤ እኔን ግን አንገፈገፈኝ።

ዕድሜውን ጋቢና ውስጥ የጨረሰ ሰው ቤት አይለምድም። እንቅልፉን የሚተኛው ተቀምጦ ነው። የንሲማ ገንፎውን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ መስኮት መስኮቱን እያየ ይውጣል። ደግሞ ያ ጠርሙስ! ሹፌሮች መኪና ላለማቆም የሚሸኑበትን የፕላስቲክ ጠርሙስ ታውቀዋለህ። አልጋችን ሥር አገኘሁት፤ ያውም ሞልቶ! የዘይት ጠርሙሴን! ሽንት ቤቱ እኮ እዚሁ ደጃፋችን ነው።

«ጄይሎስ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት።

«ልምድ ነው» አለኝ፣ ቀና እንኳ ሳይል።

የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ ሲሉ እሰማ ነበር፤ አልጋ ሥር ያሸናል ያለኝ ግን የለም። በጨርቅ ይዤ ደፋሁት።

ባለፈው ሳምንት ካዱያ የሚባለው የድርጅቱ የስምሪት ኃላፊ መጣ። አባትህ ወንዝ ወርዶ ነበር። ሽቶው ግቢውን ሞላው፤ ወንበሬን በመሐረቡ ጠርጎ ነው የተቀመጠው።

«የሊምባኒ እናት፣ የምሥራች ይዤ ነው የመጣሁት። ለጄይሎስ የዋይሰንን መኪና ልንሰጠው ነው። ታድሳ፣ አዲስ ቀለም ተቀብታ፣ ቢያዩዋት ሙሽራ ሆናለች!»

«ዋይሰን የሞተባትን?»

«ታጥባለች እኮ» አለኝ።

ታጥባለች! ልጄ፣ የአባትህ ጠርሙስ ከዚህ ሰውዬ አፍ ይሻላል።

አባትህ ከወንዝ ሲመለስ ነገርኩት። እስከዚያ ቀን የደበቀኝን ያን ጊዜ አወጣው። መኪና ሲበላሽ ሹፌሩ ሌላው እንዲጠነቀቅ አስፋልቱ ላይ ቅርንጫፍ ይጥላል፤ ለቅሶ ቤት ደጃፍ የሚጣለውም ያው ቅርንጫፍ ነው፣ ከተማ ገብተህ ካልረሳኸው። ዋይሰን የሞተ ዕለት አባትህ ከድንበሩ ከተማ ከምዋንዛ ሲመጣ ጠመዝማዛው ላይ ቅርንጫፍ አየ። የቆመ መኪና የለም። ለቅሶ ነው ብሎ ሬዲዮውን ዘጋ፣ ቆቡን አወለቀ፣ ቀስ ብሎ አለፈ። «በአክብሮት ነው ያለፍኩት» አለኝ። ያን ቅርንጫፍ የጣለው ግን ዋይሰን ነበር፤ ከገደሉ በሆዱ እየተሳበ ወጥቶ። በነጋታው ሬሳውን ከመንገዱ ጠርዝ ሥር አገኙት። የድርጅቱ ሰዎች ደርሰው መጀመሪያ የጠየቁት የጫነውን ነው፦ «ስኳሩስ?» እንዲህ ያለ ሰው ነው ወንበሬን የሚጠርግብኝ።

ካዱያ መልሱን ሊሰማ ትናንት ተመልሶ እንደሚመጣ አውቅ ነበር። አባትህ እምቢ ማለት አይችልም፤ ትንሽ ቢለማመጡት ያቺን መኪና ይነዳል። ስለዚህ ገበያ ላክሁትና ከማንጎው ቅርንጫፍ ቆርጬ ደጃችን መንገዱ ላይ ጣልኩ።

ካዱያ መኪናውን ከሩቅ አቁሞ፣ መነጽሩን አውልቆ፣ አንገቱን ደፍቶ በእግሩ መጣ።

«እናቴ፣ እግዜር ያጽናዎት። ማን ነው የሞተው?»

«ሹፌሩ።»

«ጄይሎስ?!»

«ጄይሎስማ ሽንኩርት ሊገዛ ሄዷል። የሞተው ሹፌሩ ነው። ሌላ ፈልጉ።»

ሲገባው ፊቱ ተለዋወጠ። «አብደሻል እንዴ፣ ሴትዮ? በሬሳ ይቀለዳል?»

«ሰው የገደለችውን መኪና ሙሽራ ያልከው አንተ ነህ!»

ሄደልኝ። ብቻዬን ሳቅሁ። ድስቴ እያረረ ነበርና ቅርንጫፉን ሳላነሳ ገባሁ። ምነው እግሬን በሰበረው!

አባትህ ከገበያ ሲመለስ አየው። ቆቡን አላወለቀም፤ ቤቴ ማን ሞተ ብሎም አልጠየቀም። ጩኸቱን ሰምቼ ብወጣ ሽንኩርቱ መንገድ ላይ ተበትኗል፣ እሱ የመንገዱ ቦይ ውስጥ ገብቶ በጉልበቱ እየዳኸ ሣሩን በእጁ ይገልጣል። «ዋይሰን! ቆሜያለሁ! አላለፍኩህም፣ ቆሜያለሁ!»

ጎትቼ አወጣሁት። ቅርንጫፉን ነፋስ ነው የጣለው አልኩት። በቢላ የተቆረጠውን ጫፍ አገላብጦ አየው።

ስለዚህ ልጄ፣ ሥራ ተመለሰ ወይ እያልክ አትጻፍ። ስትደውል ስለ ኳስ አውራው። ዘንድሮ በቆሎው ደህና ነው፤ አንራብም።

አምላክ ከክፉ ይጠብቅህ፤ የሄድክበት ይቅናህ። መንገድ ላይ ቅርንጫፍ ካየህ ግን፣ በእናትህ ሞት፣ ወርደህ እይ።

እናትህ ኤሲናቲ

ጠርሙሱን በሙቅ ውሃ አጥቤ አልጋው ሥር መልሼለታለሁ።