ትርሲት ትልቁን እምቢ አለች

ሰኞ

እምቢ አለች። ትናንት ራጉኤል ስለቴን አስገብቼ፣ ስሜ በድምፅ ማጉያ ተጠርቶ፣ እልል ተብሎልኝ፣ ዛሬ ጠዋት ሻይ ስንጠጣ ልጄ ትርሲት ትልቁ ዩኒቨርሲቲ አልሄድም፣ ትንሹ ኮሌጅ ነው የምገባው አለችኝ። ሻዬን ትቼ ተነሳሁ።

የትልቁን ፈተና አልፋለች። ትንሹም ተቀብሏታል። ሁለቱም ጋ የምትማረው ያው ፋርማሲ ነው። ያው ከሆነ ታዲያ ስም ያለውን ትቶ ስም የሌለውን የሚመርጥ ማን ነው? እኔ የተሳልኩት ትልቁ ከገባችልኝ ጃንጥላ አስገባለሁ ብዬ ነው። ስሟ መውጣቱን እንደሰማሁ እሷን ሳልጠይቅ ገዝቼ አስገባሁ። ምን ብዬ እጠይቃታለሁ? ለመልአክ የተሰጠ ይመለሳል እንዴ?

ምዝገባው ዓርብ ያበቃል። እስከዚያ ልብ ትገዛለች።

ማክሰኞ

ልብ አልገዛችም።

ሱቄ ያለበት ቅመም ተራ በሙሉ የዶክተሯ አባት ይለኛል። ፋርማሲ ነው ብዬ ማረም ነበረብኝ። አላረምኩም፤ ደስ ይላላ።

ከሱቄ ጎን ፕላስቲክ ዕቃ የሚሸጠው ሰይድ የድሮ ጓደኛዬ ነው። ያግዘኛል ብዬ ጉዴን ነገርኩት። የወሎ ሰው ነገር ያውቃል፣ ይመክርልኛል ብዬ። እሱ ግን ደንበኞቹ ፊት «አንተው ጃንጥላህን ይዘህ ሂድና ተማርላት» አለኝ። ሳቁብኝ። ምሳዬን ለብቻዬ በላሁ።

ማታ ትርሲት ምክንያቷን ነገረችኝ። አስራ ሁለተኛ ክፍልን ዓመቱን ሙሉ ጨጓራዋን ስትታመም ከርማለች። ጸጉሯ ማበጠሪያው ላይ ይቀር ነበር። እኔ ሻሽ ማሰር ያበዛችው ጨዋ እየሆነች መስሎኝ፣ ለሰው ሁሉ ሳወራ ነበር። ትልቁ ጋ የመጀመሪያውን ዓመት እንደ በርበሬ ይነፏቸዋል አለች፤ በወንፊቱ ያላለፈ ይሰናበታል። «መማር እፈልጋለሁ አባዬ። ዛሬ ወደቅኩ ነገ ወደቅኩ እያልኩ ሌላ አራት አምስት ዓመት መሳቀቅ ግን አልችልም።»

እናቷም፣ ነፍሷን ይማርና፣ እንዲህ ነበረች። አንዴ ተናግራ ዝም። ሬዲዮኑን ከፍ አደረግሁት።

ረቡዕ

የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄጄ ስለቱ ይፈርሳል ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። ይቆጧታል ብዬ ነበር የሄድኩት። «የተሳልከው እንድትገባ ነው፤ በሩ ተከፍቶላታል፣ ስለትህ ሰምሯል። ከዚህ ወዲያ ያለው የልጅቷ ነው» አሉኝ። መስቀላቸውን ተሳልሜ ወጣሁ። ግን ከፋኝ። አገር ሁሉ የሷ ጠበቃ ሆነ።

ራሴ ሄጄ አያለሁ። እኔ ኮረሪማ ስገዛ የጆንያውን አፍ አላይም። ላይ ላዩ ሁልጊዜ ያምራል፤ ነጋዴ ነዋ የሚሞላው። እጄን እስከ ክርኔ ከትቼ ከሥር ያለውን አወጣለሁ። ትምህርት ቤትም እንደዚያው ነው። ትንሹን ከሥሩ አወጣውና አሳያታለሁ።

ሐሙስ

ሱቄን ዘጋሁ። ኮቴን ለበስኩ።

መጀመሪያ ትልቁ። ጥበቃው ያለ መታወቂያ አይገባም አለ። ደግ አደረገ፣ ሥራው ነው። በበሩ ያየሁት ግቢ ያምራል፤ ዛፉ፣ ሕንፃው። ጎበዞቹን ተዋቸው፣ የሚከብዳቸው ልጆች የት ናቸው አልኩት። «እነሱንማ ጋሼ፣ ሻንጣ ይዘው ሲወጡ ነው የማያቸው» አለ። እኔም የጠነከረ ይቀራል፣ ዓለም እንዲህ ናት አልኩት። ልጅ አለዎት እንዴ እዚህ ሲለኝ ኮቴን አስተካክዬ ሄድኩ።

ከዚያ ትንሹ። ግቢው ጠባብ፣ ቀለሙ የተላጠ። ደስ አለኝ፤ መናቂያ አገኘሁ። አንዲት ወጣት መምህርት ተቀበለችኝና ቤተ ሙከራውን ላሳይዎት አለች። ቤተ ሙከራው ይቆይ፣ ሰነፉን ተማሪ አሳዪኝ አልኳት። የቀለድኩ መስሏት ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅኩም።

አንድ ክፍል አስገባችኝ። ፈተና የወደቁ ሦስት ልጆች ቁጭ ብለዋል። ትምህርት ካለቀ በኋላ እንደገና ታስረዳቸዋለች አሉ። ጉንጯ የሞላ አንዷ ልጅ ቆሎዋን ገፋ አድርጋ ወንበር ሰጠችኝ። «ሰነፏ እኔ ነኝ ጋሼ፣ ይቀመጡ። ባለፈውስ ከዚህም የባስኩ ነበርኩ።» ሌሎቹ ሳቁ፤ መምህርቷም ሳቀች። ጨጓራሽን ያምሻል ወይ አልኳት። ኧረ እኔ ስበላ ነው የምውለው አለች።

ተናድጄ ተመለስኩ። የምናደድበት ነገር ስላጣሁ የባሰ ተናደድኩ። ትርሲት የት ዋልክ ስትለኝ ዕቃ ሳይ አልኳት።

ዓርብ

ጠዋት ልበሺ እንሂድ አልኳት። የት አለችኝ። «አንቺ ወዳልሽው ነዋ፤ ሳምንቱን ሙሉ ያደነቆርሽኝ ወደየት ነው?» አየችኝና ጫማዋን ፍለጋ ገባች።

ቅመም ተራ ስናልፍ በርበሬ ነጋዴው ከማዶ፣ ጋሼ፣ የትልቁ ዩኒቨርሲቲ ዶክተር ይዘው ወዴት አለኝ። ዝም ብዬ ማለፍ እችል ነበር። ቆምኩ። ትልቁ አይደለም፣ ትንሹ ነው፤ ዶክተርም አይደለችም፣ ፋርማሲ ነው አልኩ፣ እስከ ጥግ ድረስ እንዲሰማ። አፌ እንደ እሬት መረረኝ። ሰይድ ከሱቁ ደጅ ቆሞ ሰማ። ይሳለቅብኛል ብዬ ስጠብቅ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አንገቱን ዝቅ አደረገ። ይሄኛው ደግሞ የባሰ ነው፤ ቢስቅብኝ ይሻለኝ ነበር።

ተመዘገበች።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ጥፍሯን ትነክሳለች። ቆይታ «አባዬ፣ ፈርቼ ይሆን እንዴ ትንሹን የመረጥኩት?» አትለኝም!

ስሜን ገበያ ላይ አስጥላኝ፣ ከመልአክም ከሰውም አከራክራኝ፣ አሁን! ልጮህባት ነበር። ፊቷን ሳይ ተውኩት።

«የፈራ ሰው እኔን ሳምንት ሙሉ እምቢ አይልም። እናትሽ እንኳ ሦስት ቀን ነበር የምትችለው» አልኳት።

ሳቀች። ትንሽ ቆይቶ ራሷ ትከሻዬ ላይ ወደቀ፤ እንቅልፍ ወስዷታል። አፏን ከፍታ፣ እንደ ሕፃን። ደግ መሥራቴን አላውቅም። የትልቁ በር ያው ዛሬ ተዘጋ፤ በኋላ ብትጸጸት ተወቃሹ እኔ ነኝ። መውረጃችን ሲደርስ ወራጅ አለ ማለት ነበረብኝ። ዝም አልኩ። ሾፌሩ ብዙ አሳለፈን። በዚህ ጉልበቴ ያን ሁሉ መንገድ በእግር ተመለስን፤ እሷ ደግሞ ለምን አልቀሰቀስከኝም ብላ እስከ ቤት ድረስ ስትቆጣኝ መጣች።